ከጋራ ሙለታ ጭጋግ ያወጣን የቁልቢው ገብርኤል

የእግዚአብሔር ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን፣ ወገኖቼ። ሐምሌ 19 ቁልቢ ላይ ስለቱን ስናስገባ ብዙዎቻችሁ «መስክሩ እንጂ» አላችሁን። ልጆች ይዛችሁ ተራራ የምትወጡት ደግሞ «ዝግጅቱንም ጻፉልን» አላችሁ። አንድ ላይ እጽፈዋለሁ፤ የሊቀ መላእክቱ ሥራ ከዝግጅቱ ተነጥሎ አይታየኝምና።

በኅዳር ከማኅበራችን ጋር የወጣንበት የሐረርጌው ተራራ ጋራ ሙለታ 3,381 ሜትር ነው፤ ድሬዳዋ 1,200 አካባቢ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ እዚያ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ያላበው ሰው ጫፉ ላይ 14 ዲግሪ ገደማ ይወርድበታል። ልጅ ኢያሱ የታሰሩበት አገር መሆኑን ሁሉ ያወራል፤ ብርዱን የሚያወራ ግን የለም።

ሰዓቱን ያሰላነው ለ300 ሜትር ሽቅብ 1 ሰዓት፣ ለቁልቁሉ የዚያን ሁለት ሦስተኛ፣ ለእረፍትና ቆሞ ለማየት ደግሞ 1 ሰዓት ተኩል እየያዝን ነው። በኅዳር ፀሐይ 12 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ጥዱ ውስጥ ከዚያም ቀድሞ ይጨልማል። ስለዚህ 7 ሰዓት ሲል፣ ጫፉ 50 ሜትር ቢቀር እንኳ መመለስ ነው። ኔትወርክ ስለማይታመን መንገዱንና ሰዓቱን በወረቀት ጽፈን ከጫት ማሳው በላይ ለሚኖሩ አባባ ሰጠን፤ እስከ ማታ 1 ሰዓት ካልተመለስን እንዲፈልጉን። የልጅ ልጃቸው በኦሮምኛ አስረዳቸው። አላህ ይስጥልን እሳቸውን፤ ገና ሳንወጣ ወተት አጠጡን።

ለያንዳንዱ ሰው 3 ሊትር ውኃ፣ ቆሎና ቴምር፣ የራስ ባትሪ ከነትርፍ ድንጋዩ፣ ሹራብ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ደረቅ ካናቴራ፣ ሁለት ትልልቅ የቆሻሻ ፌስታል። ፊሽካው የቦርሳው ማንገቻ ላይ ይታሰራል። ቦርሳ ውስጥ ከገባ፣ እጅ የደነዘዘ ጊዜ ፈልጎ የሚያገኘው የለም።

ሽቅብ ሰው ብዙ አይጠፋም፤ ሸንተረሮቹ ወደ ጫፉ ይሰበሰባሉ። ቁልቁል ግን ይበታተናሉ፤ አንዷን ሸንተረር የሳተ ሌላ አገር ይወርዳል። በደቡብ በኩል ወደ ዋቢ ሸበሌ የሚወርደውን ቆላ ቆመን አይተን፣ በሰዓቱ ተመለስን። 8 ሰዓት ላይ ጭጋጉ ዘጋ። ስንቆጠር ሁለት ጎደሉ፤ አንድ የማኅበራችን ወጣትና አንዲት እህታችን።

ከመንገዱ መገንጠያ አልራቅንም። 12 ሰዓት ሆነ። ጨለመ። ጠራናቸው፤ ጭጋጉ ድምፃችንን ዋጠው። «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?» ይለዋል ዳዊት፤ እኔ ግን ዓይኔን ባነሣ የማየው ተራራ እንኳ አልነበረም። ንዴቴን አልደብቅም። «ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን ያወጣህ፣ እነዚህ ሁለቱ ምን አደረጉህ?» አልኩት ገብርኤልን። እናቴ ታማ ስለምነው ዝም ያለኝን፣ ለዓመታት የያዝኩበትን ቂም ሁሉ፣ እዚያው ዛፍ ተደግፌ ጮኬ ነገርኩት። አልቀሠፈኝም።

ልክ 1 ሰዓት ሲሆን አባባ ከነልጆቻቸው ከበራቸው ተነሥተው ነበር። ማንም አልደወለላቸውም፤ ወረቀቱ ነው ያስነሣቸው። እኛ ዘንድ ሲደርሱ መጀመሪያ ያደረጉት ጩኸታችንን ማስቆም ነው። ሁሉ ከጮኸ መልስ አይሰማማ! ጥቂት ተራምደን ሁለት ደቂቃ ጸጥ፣ ደግሞ ጥቂት ተራምደን ጸጥ። ባትሪውንም ዝቅ አስደረጉን፤ ጭጋግ ላይ ፊት ለፊት ሲያበሩት ነጭ ግድግዳ ነው የሚሆነው። ወደ ሸለቆው ልውረድ ያለውን ክንዱን ይዘው መለሱት፤ የውኃ መውረጃ የተከተለ ገደል አፋፍ ላይ ነው የሚደርስ። ከታች ጅብ ጮኸ። «ዋራቤሳ» አሉ ለልጃቸው፣ ረጋ ብለው። እሳቸው በዱዓቸው፣ እኛ በእግዚኦታችን ቀጠልን።

ሁለቱ በግራው ሸንተረር ወርደው፣ ወጣቱን እርጥብ የጥድ ሥር አዳልጦት ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ነበር። እህታችን ትባረክ፣ ትታው አልሄደችም። የጠፋ ሰው ካለበት አይንቀሳቀስም ብለን ተስማምተን ነበርና ተቀመጡ። መሬት ሙቀት ስለሚስብ ከሥራቸው ቅርንጫፍና ቦርሳ አነጠፉ፤ ያላበውን ካናቴራ ለውጠው፣ ፌስታሉን ለፊታቸው ቀደው ከላይ አጠለቁት። ጫማውን አላወለቀችለትም፤ ካበጠ በኋላ ተመልሶ አይገባም። ክሩን አላልታ፣ ግራና ቀኝ እንጨት አድርጋ በነጠላዋ አሰረችው። ከዚያ ፊሽካ፦ በደቂቃ 6 ጊዜ፣ አንድ ደቂቃ ዝም፣ እንደገና 6። ለሰዓታት።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ግድም ነው። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ሲሞላ ነፋሱ ዞረ፤ ፊቴ ላይ የነበረው ብርድ ማጅራቴን ሲመታኝ ታወቀኝ። አባባ መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ቆሙ። ሌላኛው እጃቸው ላይ ጣት አነሡ። ሁለተኛ አነሡ። አምስቱ ሲያልቅ ጆሯቸውን ለቀው ስድስተኛውን በዚያኛው እጅ አነሡና «ወፍ አይደለም» አሉ።

እኛም ፊሽካ ሦስት ጊዜ ነፍተን መልስ ሰጠን፤ ድምፁን ተከትለን አገኘናቸው። ልጆቻቸው ሮጠው ከቤት ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና አመጡ፤ በጋቢ ቃሬዛ ሠርተን ስምንት ስምንት ሆነን በየ10 ደቂቃው እየተቀያየርን አወረድነው። እህታችን ፊሽካው ባረፈ ቁጥር «እግርህን ለመናወጥ አይሰጠውም፤ የሚጠብቅህም አይተኛም» የሚለውን ስትደግም ማደሯን በመንገድ ነገረችን። ተቀምጬ አለቀስኩ።

ጀሶው፣ ክራንቹ፣ ወራቱ አለፉ። ሐምሌ 19 የቁልቢን አቀበት በራሱ እግር ወጣ፤ የተሳልነውን ጥላ አስገባን፤ ክብሩ ለስሙ ይሁን።

ለአባባም ቃሬዛ በሆነው ፈንታ አዲስ ጋቢ ይዘን ሄድን። ተቀበሉን፣ መረቁን፣ ከዚያ ያችን ፊሽካ ጠየቁ፤ የልጅ ልጃቸው በዚያው ሸንተረር ላይ ፍየል ይጠብቃል።