አብሽሩ እናቴ
ዛሬ ከቃሉ ገጠር የመጡ አንዲት እናትን ደሴ ላይ ኦፕሬሽን አድርገን ወጣን። ጉንጫቸው ካበጠ ቆይቷል። ስለማያማቸው ማንም አልቸኮለም። «ጥርስ ነው» ተብሎ ጥርስም ተነቅሎላቸዋል። እብጠቱ ግን ወይ ፍንክች!

ሲቲ ስካኑና ናሙናው ሲታይ አሜሎብላስቶማ ሆነ። ከጥርስ ሠሪ ህዋሳት የሚነሳ ዕጢ ነው። ከ10 ሰው በ8ቱ ገደማ የሚወጣው ታችኛው መንጋጋ ላይ ነው፤ የላይኛው ብርቅ ነው። የእሳቸው ግን የላይኛው ላይ ነው። ካንሰር አይደለም ሲባል ሰው እፎይ ይላል። እኔ ግን የላይኛውን እፈራዋለሁ። አጥንቱ ስስ ነው፣ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት። ጎረቤቶቹ ደግሞ ሳይነስ (ጉንጭ አጥንት ውስጥ ያለው የአየር ክፍተት) እና ዓይን ናቸው። ፍቀህ ብቻ ካወጣኸው ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ከዳሩ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ጤነኛ አጥንት ጨምረን ቆረጥን።

ላንቃቸው ላይ ለቀረው ክፍተት መዝጊያ ተሠርቶላቸዋል። ያለሱ ውሃው በአፍንጫ ይወጣል፣ ንግግርም አይሰማም።

እሳቸውን ያስጨነቃቸው ሌላ ነው። «ዶክተር፣ ቡናስ?» «አብሽሩ እናቴ፣ ቁስሉ ይዳን እንጂ እስከ በረካ ይጠጣሉ» አልኳቸው። ዱዓቸውን አወረዱልን፤ ማደንዘዣ ሰጪውንም አልረሱ።

ክትትሉ ለዓመታት ነው። የመመላለሻውን ነገር ከልጃቸው ጋር እየተነጋገርን ነው።