ከአውሮፕላን ስንወርድ ማን ይቅደም?

በእኛ አገር ሁለት ሰዎች አንድ በር ላይ ሲገናኙ «ይቅደሙ»፣ «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባሉ ደጃፉ ላይ መቆማቸው የተለመደ ነው። ይህ ያደግንበት ወግ ግን የአውሮፕላኑ ጎማ የቦሌን መሬት ሲነካ ድንገት ይጠፋል። እልልታውና ጭብጨባው ሳያባራ፣ አውሮፕላኑም ገና ወደ ማቆሚያው እየተጓዘ ሳለ፣ ቀበቶ የሚፈታው ይፈታል፣ ሻንጣ የሚያወርደው ያወርዳል፤ የበረራ አስተናጋጆቹ «እባካችሁ ተቀመጡ» እያሉ ቢለምኑም የሚሰማቸው ጥቂት ነው።

ጥድፊያው ከምን እንደሚመነጭ አውቃለሁ። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ድረስ 13 ሰዓት ያህል ተቀምጦ የመጣ ሰው እግሩን ለማፍታታት ቢቸኩል አይፈረድበትም። ከጅዳ ወይም ከቤይሩት ከዓመታት በኋላ ለምትመለስ እህት ደግሞ እናቷ ውጭ ቆማ እየጠበቀቻት እያንዳንዱ ደቂቃ ይረዝማል። ይሁን እንጂ አውሮፕላኑ ሳይቆም መነሣት ከነውርነቱ ይልቅ አደጋው ይብሳል፤ አብራሪው በድንገት ፍሬን ቢይዝ የቆመው ሰው ይወድቃል፣ በእጁ ያለው ሻንጣም በተቀመጠ ሰው ራስ ላይ ያርፋል። ቱርክ በ2025 እ.ኤ.አ. አውሮፕላኑ ሳይቆም የሚነሡ መንገደኞች እንዲቀጡ መወሰኗ ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

ከዚህም በላይ ጥድፊያው ብዙ ጊዜ ትርፍ የለውም። አውሮፕላኑ ከተርሚናሉ ርቆ ሲቆም መንገደኛውን የሚወስደው አውቶቡስ ነው፤ አውቶቡሱ ደግሞ እስኪሞላ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ሰው ገፍቶ የወረደው መንገደኛ የሚያተርፈው ብረት ይዞ ረዘም ላለ ጊዜ መቆምን ነው። በድልድይ በቀጥታ ወደ ተርሚናሉ ቢገባም፣ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ያስጫነ ሰው ዞሮ ዞሮ ዕቃው እስኪመጣ መጠበቁ አይቀርም።

ሥርዓቱ ቀላል ነው፤ የፊተኛው ረድፍ ሳይወጣ የኋለኛው አይወጣም። እንደ ቦይንግ 737 ባለ አንድ መተላለፊያ አውሮፕላን ውስጥ ከኋላ ተነሥቶ ወደ ፊት የሚጋፋ አንድ ሰው በየረድፉ ለመነሣት የተዘጋጀውን ሁሉ ያግዳል። ሻንጣው ከመቀመጫው ኋላ የተቀመጠበት መንገደኛም፣ በሰው ጎርፍ ላይ ተቃራኒ ከመሄድ ይልቅ፣ ሕዝቡ እስኪያልፍ ቢታገሥ ለሁሉም ይቀላል።

ይህ ሥርዓት የሕይወት ጉዳይ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ ሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ350 ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ በእሳት ሲያያዝ፣ በውስጡ የነበሩት 379 ሰዎች በሙሉ በሕይወት ወጥተዋል። ከሠራተኞቹ ብቃት ባሻገር፣ መንገደኞቹ ትእዛዝ ሰምተው ሻንጣቸውን ትተው መውጣታቸው ትልቅ ድርሻ ነበረው። በሰላሙ ቀን የአስተናጋጅን ቃል መስማት ያልለመደ ሰው በጭስ መካከል ይሰማል ብሎ ማመን ይከብደኛል።

እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳዝነኝ የእናቶቻችን ነገር ነው። ልጆቻቸውን ለመጠየቅ አሜሪካ ደርሰው የሚመለሱ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ አረጋውያን በመተላለፊያው ዳር ተቀምጠው በሚያልፈው ቦርሳ ሁሉ ትከሻቸውን ይመታሉ። ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠብቁት ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ስለሚወርዱ መታገሣቸው ግድ ነው፤ በራሳቸው እግር የሚሄዱትን ግን «ይለፉ እማማ» ብሎ መንገድ መልቀቅና ቦርሳቸውን ማውረድ ለአንድ ጎልማሳ ምን ይከብደዋል?

በእውነት ሊቀድም የሚገባውም አለ። ቦሌ የብዙ አገር መንገደኛ መሸጋገሪያ ስለሆነ፣ በረራው ዘግይቶበት ቀጣዩ አውሮፕላን ሊያመልጠው የደረሰ ሰው ሁልጊዜ በመካከላችን ይኖራል። አስተናጋጆች እንዲህ ያሉት መንገደኞች እንዲቀድሙ ሲጠይቁ፣ አዲስ አበባ የምንቀረው ሌሎቻችን አምስት ደቂቃ ያህል ከመቀመጫችን ሳንነሣ መንገዱን ልንለቅላቸው ይገባል።