የቦቢ ጾም

ውሻዬ ቦቢ ባለፈው ዓመት 56 ቀን ጾሟል። እኛ የጾምነው 55 ነው። በአንድ ቀን በልጦናል፣ እማዬም ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታወራዋለች።

ነገሩ የጀመረው ከጆሮው ነው። ጭንቅላቱን ያራግፋል፣ ያራግፋል፣ ከዚያ የኋላ እግሩን አንስቶ ማከክ። ቀጥሎ መዳፉን መላስ አመጣ፤ ነጩ ጸጉሩ ዝገት እስኪመስል ቀላ (ምራቁ ነው አሉ የሚያቀላው)። ማታ ማታ በረንዳው ላይ ሲያክ እግሩ ወለሉን ዱብ ዱብ ሲያደርገው እስከ መኝታ ቤቴ ይሰማል። እሱ ሲያክ እኔንም ይበላኝ ጀመር።

መጀመሪያ ያሳየሁት ሐኪም መርፌ ወግቶ ሸኘኝ። ሁለት ሳምንት ሰላም ሆነ። ከዚያ ያው። እንደገና መርፌ፣ እንደገና ሰላም፣ እንደገና እከክ። በሦስተኛው «ቆይ ግን ምንድነው የምትወጋው?» ስለው መርፌው ማሳከኩን ለጊዜው የሚያስታግስ ነው እንጂ ምክንያቱን አይነካም አለኝ። ይሄን በመጀመሪያው ቀን ብትነግረኝ ምን ነበረበት ወንድሜ?

ሁለተኛዋ ሐኪም ሌላ ሰው ናት። ቆዳውን ፋቅ አድርጋ በማይክሮስኮፕ አየችው፣ የእከክ ተባይ የለም። የቁንጫ መድኃኒት ሰጠችው፣ አንድ ወር ጠበቅን፣ ለውጥ የለም። ያኔ ነው ወደ ምግቡ የመጣችው። «ምን ይበላል?» ስትለኝ ሳቄ መጣ። የማይበላውን ብትጠይቀኝ ይቀል ነበር።

ጠዋት ዘበኛችን ጋሼ ዳቦ በወተት ሻይ እየነከሩ ይሰጡታል። ከሰዓት የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ብስኩቷን ታካፍለዋለች። ከአጥር ማዶ ጎረቤታችን አጥንት ትወረውራለች። እማዬ የምሳ ትርፍራፊ ታቀርብለታለች። እኔ ደግሞ ከሥጋ ቤት ቁርጥራጭ እየገዛሁ አበላዋለሁ። ግቢው በሙሉ ያጎርሰዋል። ታዲያ የትኛው ነው ያልተስማማው?

በደም ምርመራ አይታወቅም ወይ አልኳት። ለምግብ አለርጂ የደም ምርመራ እንደማይታመን፣ የሚታመነው አንድ መንገድ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ፤ ቀምሶት የማያውቀውን አንድ ሥጋና ቀምሶት የማያውቀውን አንድ ሌላ ምግብ መርጦ ለስምንት ሳምንት ከነዚያ ሁለት ውጪ ምንም፣ ምንም ማለት ምንም፣ አለመስጠት። ከተሻለው የድሮውን ምግብ አንድ በአንድ እየመለሱ ማየት። እኔ የስንዴው ጉዳይ ይሆናል ብዬ ነበር፣ ኢንተርኔቱ ሁሉ እህል እህል ስለሚል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ግን የምግብ አለርጂ የተረጋገጠባቸውን 297 ውሾች አይቶ በአንደኛነት ያስቀመጠው የበሬ ሥጋን ነው፤ 34 በመቶ። የወተት ተዋጽኦ 17፣ ዶሮ 15፣ ስንዴ 13። በሬ ሥጋ! እኔ በገንዘቤ የምገዛለት።

ለቦቢ ከዝዋይ የሚመጣ ቆሮሶ ዓሣና ስኳር ድንች መረጥን። ፍየል አስበን ነበር፣ ግን በዓል በመጣ ቁጥር ቀምሷል። (ዓሣና ስኳር ድንች ብቻውን ለዘለቄታው የተሟላ ምግብ አይደለም። ሐኪሟ ካልሲየም ጨምራበታለች። ዝም ብላችሁ ከዚህ አንብባችሁ እንዳትጀምሩ፣ በተለይ ለቡችላ።)

የመጀመሪያው ሙከራ በዘጠነኛው ቀን ፈረሰ። ጋሼ ዳቦ ሲያጎርሱት እጅ ከፍንጅ ያዝኳቸው።

«ጋሼ፣ እባክዎ፣ ተነጋግረን አልነበረም?»

«ትንሽ ናት እኮ ልጄ። ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ምን ላድርግ?»

ልክ ናቸው፣ ያያል። ዓይኑን ሳያርገበግብ ነው የሚያየው። ለእማዬ አለርጂ ምን እንደሆነ አስረዳሁ፣ ፕሮቲን ምናምን አልኩ። «እሺ እሺ» አለችና ማታ ፍርፍር አቀረበችለት። ፍርፍሩ ደግሞ ሽንኩርት በሽንኩርት ነው። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። አለርጂ ለሌለበት ውሻም ቢሆን የወጥ ትርፍራፊ ጥሩ እንዳልሆነ ያወቅኩት በዚሁ ሰበብ ነው።

ከዚያ ዓቢይ ጾም ደረሰ። የዘወረደ ሰኞ ጠዋት ሁሉንም በረንዳ ላይ ሰበሰብኩና «ቦቢ ጾም ይዟል» አልኳቸው። «ከፋሲካ በፊት ማንም እንዳያስገድፈው።»

አለርጂ ብዬ ያልተሰማሁት ሴትዮ በዚች አንድ ቃል ሁሉም ገባው። ማን ጿሚ ያስገድፋል? የተቃወመችኝ እማዬ ብቻ ናት፣ እሷም በሌላ ነገር። «ዓሣ እየበላ ምን ጾም አለ?» ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር ቤታችን ውስጥ በየዓመቱ የሚነሳ ነው፣ ያን ዓመት በውሻ በኩል መጣ። ትንሽ አሰብ አደረገችና «እሱስ ይፈቀድለት» ብላ አሳለፈችው።

ግን ጾም ነው ቢባልም እጅ ዝም አይልም። የለመደ እጅ የሚሰጠው ይፈልጋል። ስለዚህ እሱን ትቼ ለሰዎቹ የሚሰጡት ነገር ልጋግር ብዬ ተነሳሁ።

ዩቲዩብ ላይ ያለው የውሻ ብስኩት ሁሉ የለውዝ ቅቤ፣ አጃ፣ እንቁላል፣ የስንዴ ዱቄት ነው። ለኔ አንዱም አይሆንም። በሙከራው ጊዜ ብስኩቱም ከነዚያው ከሁለቱ ነገሮች ብቻ መሠራት አለበት። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ምግቡን ይጠነቀቅና ሽልማቱን ይረሳል።

ቀላሉን አስቀደምኩ። ስኳር ድንቹን ልጬ እንደ ትንሽ ጣት ውፍረት ቆራረጥኩና በ120 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ከተትኩት። ሦስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፣ መሃል ላይ ይገለበጣል። ሲደርስ እንደ ቆዳ ይሆናል፣ ሲያኝከው ይቆያል። የኔ ግን በሁለተኛው ሰዓት መብራት ጠፋ። ከዚያ እስከ ማታ አልመጣም። ግማሽ ደረቅ ግማሽ እርጥብ ሆኖ ቀረ፣ በሦስተኛው ቀን ሻገተ። አሁን መብራት በማይጠፋበት ሌሊት ነው የምጋግረው፣ ጠዋት የቤቱ ሽታ ራሱ ቁርስ ይመስላል።

የዓሣው ብስኩት ነው ያስቸገረኝ። ስኳር ድንቹን ቀቅዬ ከተቀቀለ ዓሣ ጋር ስፈጨው ገንፎ ሆነ። መሃሉ ተጎድጉዶ ቅቤ ፈሶበት ለአራስ የሚቀርብ ዓይነት ገንፎ፣ አልድቦለቦል አለ። ዱቄት ልጨምርበት አልችል። በሁለተኛው ግን ድንቹን ከነልጣጩ ኦቨን ውስጥ ጠበስኩት። ልጣጩ ተጨማድዶ በጎኑ ማር የመሰለ ፈሳሽ ሲያወጣ አወጣሁት፣ ላጥኩት፣ እንፋሎቱ እስኪወጣለት ተውኩት። ልዩነቱ ይሄ ነው፤ ሲቀቀል ውሃ ይጠጣል፣ ሲጠበስ ውሃ ይጥላል። ሁለት ብርጭቆ ስኳር ድንች ለአንድ ብርጭቆ ዓሣ። ዓሣውን በጣቴ ሦስት ጊዜ ዳበስኩት፣ በሦስተኛውም አንድ እሾህ አገኘሁ። ከሽምብራ ትንሽ ከፍ የሚል ድቡልቡል እየሠራሁ በሹካ ጫን ጫን አደረግኩት። በ160 ዲግሪ 40 ደቂቃ፣ ከዚያ ኦቨኑን አጥፍቶ እዚያው ውስጥ እስኪቀዘቅዝ መተው። መድረቁ ያለው በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው። ሽታው? ቤቱ በሙሉ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ሆነ፣ የማላውቃት ድመት መስኮት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ፍሪጅ ውስጥ አራት አምስት ቀን ይቆያል፣ የተረፈውን ፍሪዘር።

በቀን 12 ፍሬ ፈቀድኩ። ሽልማት ከቀን ምግቡ ከአሥር እጅ አንዱን እንዳያልፍ ነው የሚባለው። አራት ለጋሼ፣ አራት ለእማዬ፣ አራት ለልጅቷ። የአጥር ማዶዋ ጎረቤቴ እንዳይከፋት ቅዳሜና እሑድን ሰጠኋት፣ አጥንቷን ለሌላ ውሻ አዘዋወረች። በሁለተኛው ሳምንት እማዬ ከልጅቷ ድርሻ ስትበደር ተያዘች።

በአምስተኛው ሳምንት መላሱን ቀነሰ። ሌሊት ዱብ ዱብ የለም። ሰኞ ስለጀመርን 56ኛው ቀን የፋሲካ ዕለት ላይ ዋለ፤ እኛ በዶሮ ወጥ ስንፈስክ ጿሚው ቦቢ ብቻ ነበር፣ መዳፉ ነጭ ሆኖ በር ላይ ተቀምጦ ያየናል። እማዬ አንጀቷ አልችል ብሎ አምስተኛ ብስኩት ሰጠችው። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

በማግስቱ ከቅርጫችን የበሬ ሥጋ ጨውም ሽንኩርትም ሳይገባበት ቀቅዬ ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን ጆሮውን ማራገፍ ጀመረ። ተገኘ! ሥጋውን አቆምኩ፣ ወደ ዓሣው መለስኩት፣ አሥር ቀን ገደማ ሲሆነው ረጋ። ከዚያ ጤፍ፣ ከዚያ እንቁላል፣ ከዚያ ስንዴ፣ አንድ በአንድ። ሁሉም ሰላም። ወተት አልሞከርኩበትም፣ ጥጃ አይደለም።

ጤፍ ከተፈቀደ ወዲህ ኑሮ ቀለለ። አንድ ብርጭቆ የተጠበሰ ስኳር ድንች፣ አንድ ተኩል ብርጭቆ የጤፍ ዱቄት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ጤፍ እንደ ስንዴ ስለማይለጠጥ ይፈረፈራል፣ ለሱ መላው ተልባ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ ሩብ ሰዓት ከዘፈዘፋችሁት እንደ እንቁላል ያያይዘዋል። ፈረንጆቹ ይሄን እንደ ትልቅ ግኝት ያወሩታል፣ የኛ እናቶች ተልባ እንደሚያጣብቅ መቼ ጠፍቷቸው። በመዳመጫ ዳምጬ በቡና ስኒ አፍ እየከበብኩ እቆርጣለሁ። 175 ዲግሪ፣ ግማሽ ሰዓት። ስኳር የለ፣ ጨው የለ፣ ቤኪንግ ፓውደር የለ። ዘቢብና ቸኮሌት ውሻን ስለሚመርዙ አይታሰቡም። የለውዝ ቅቤ ከገዛችሁ ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ እንዳይኖርበት ዕቃው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ትንሹም ለውሻ ክፉ ነው።

ባለፈው ረቡዕ ኩሽና ስገባ እማዬ ቡናዋን ይዛ ከቦቢ ዕቃ ውስጥ አንዱን እየቆረሰች ነው።

«እማዬ፣ የውሻው ነው እኮ!»

«እንቁላል አለው?»

«የለውም።»

«ቅቤስ?»

«የለውም።»

«ታዲያ የጾም ነው» አለችና የቀረውን ወደ አፏ አደረገችው። ትንሽ አኘከችና «ጨው ረስተሻል» አለችኝ።