ከካባ ውስጥ ተርኩዋዝ ስፈልግ

ነገሩ የጀመረው ከአክስቴ አምባር ነው። ዓረብ አገር ሠርታ ስትመለስ ይዛው መጣች። ብሩ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ሰማያዊ ድንጋይ ተቀምጧል። እሷ «ፈይሩዝ» ትለዋለች፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ተርኩዋዝ በሚለው ስሙ ነው። ልጅ ሆኜ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ዓይኔን ከእሱ ላይ አልነቅልም ነበር።

ሥራ ስይዝ የራሴን ገዛሁ። ከተማ ውስጥ ካለ አንድ ሱቅ፣ በክር የተሰካ የአንገት ዶቃ። ሻጩ «ኦርጅናል ነው እህቴ» አለኝ፤ አመንኩት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው የነጭ ቀሚሴ አንገት ላይ ሰማያዊ መስመር አየሁ። ላብ ነክቶት ለቋል። ገንዘቡ አናደደኝ። ከገንዘቡ በላይ ግን የሚያናድደኝ ምን መጠየቅ እንዳለብኝ እንኳ ሳላውቅ መግዛቴ ነበር።

የዚያን ቀን ማታ ዶቃውን ፈታሁት። ጥጥ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ነክሬ አንዱን ፍሬ አሸሁ። ጥጡ ሰማያዊ ሆነ። ክሩ የሚያልፍበትን ቀዳዳ በስልኬ መብራት አየሁት፤ ውስጡ ነጭ ነው። በቢላ ጫፍ ስጭረው እንደ ጠመኔ ዱቄት ወጣለት። እውነተኛ ተርኩዋዝ ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው በሞህስ የድንጋይ ጥንካሬ መለኪያ ከ5 እስከ 6 ነው፤ ተራ ቢላ እንዲህ አይደፍረውም። በኋላ ሳነብ እንደገባኝ፣ ብዙ ጊዜ በተርኩዋዝ ስም የሚሸጡት ሃውላይትና ማግኔሳይት የሚባሉ ነጭ ድንጋዮች ናቸው። ሁለቱም ለስላሳ ናቸው፣ ቀለምም ይጠጣሉ። ሃውላይት ደግሞ የተፈጥሮ ጥቁር ሥር ስላለው ሲነከር ቁርጥ ተርኩዋዝ ይመስላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥጡ ነጭ ሆኖ ቢቀር እንኳ ድንጋዩ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። ላዩ በፕላስቲክ ነገር የተሸፈነ ቀለሙን አይለቅም። ውድ ጌጥ ላይ ደግሞ ይህንን ሙከራ አታድርጉ፤ አንጸባራቂነቱን ያበላሻል። ቀዳዳውን ማየት ምንም አይጎዳም፤ ከእሱ ጀምሩ።

እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከሰፈሩ ወዲያ፣ ወደ ገጠሩ በኩል፣ የድንጋይ ካባ አለ። ለቤት መሠረት የሚሆን ጥቁር ድንጋይ ይወጣበታል። «ከሱቅ የታለልኩትን ለምን ከመሬት አልፈልገውም?» ብዬ አንድ ቅዳሜ ሄድኩ። እዚያ ድንጋይ ሲፈልጡ ያረጁ አንድ ሰውዬ አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። የምፈልገውን ስነግራቸው አልሳቁብኝም። «ልጄ፣ ሰማያዊ ነገርማ አንዳንዴ ከሆዱ ይወጣል» አሉና ጥጃ የምታህል ድንጋይ ላይ መሯቸውን አስቀመጡ። በመዶሻ ሦስቴ መቱ። ድንጋዩ እንደ ዳቦ ተገመሰ።

ውስጡ ባቄላ ባቄላ የሚያካክሉ ቀዳዳዎች ነበሩት። የአንዳንዶቹ ግድግዳ ሰማያዊ አረንጓዴ ልባስ አለው። ልክ የአክስቴ አምባር ቀለም! እጄ እየተንቀጠቀጠ 14 ስባሪ ለቅሜ በጋዜጣ ጠቀለልኩ።

ቤት ገብቼ የሲኒ ቂጥ ላይ ሞከርኩት። የሲኒ ቂጥ ዙሪያው ያልተወለወለ ስለሆነ ድንጋይ ሲታሸበት የዱቄቱን ቀለም ያሳያል። ተርኩዋዝ የሚተወው መስመር ነጭ፣ ቢበዛ ትንሽ ሰማያዊ ያዘለ ነጭ ነው። የእኔው አረንጓዴ አሰመረ። በጥፍሬ ስፍቀው ተፋቀ። ሳረጥበው ዝናብ የነካው አፈር ሸተተኝ። ይህ ሴላዶናይት የሚባለው ማዕድን ነው። ብረት፣ ማግኒዥየምና ፖታሲየም ያለበት፣ ባዛልት በሚባለው በዚህ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ የሚበቅል ለስላሳ ነገር። ጥንካሬው 2 አካባቢ ነው።

ያ ቀን ያስተማረኝን እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ። ቀለሙን አይቼ ከመሮጤ በፊት አገሩን መጠየቅ ነበረብኝ። ተርኩዋዝ የመዳብ፣ የአሉሚኒየምና የፎስፌት ልጅ ነው፤ ውሃም አለበት። የዝናብ ውሃ መዳብ ያለበትን አለት እያጠበ ሲወርድ፣ ከአሉሚኒየምና ከፎስፌት ጋር ይገናኝና በስንጥቁ ውስጥ ቀስ ብሎ ይረጋል። የሚገኘውም በአብዛኛው ደረቅ አገር ላይ ነው። የኢራኑ ኒሻፑር፣ ግብጾች ከሺህ ዓመታት በፊት የቆፈሩበት ሲና፣ አሜሪካ ውስጥ አሪዞናና ኔቫዳ። የእኛ ሰፈር ግን የእሳተ ገሞራ አገር ነው። የረር፣ ፉሪ፣ ወጨጫ፣ ሁሉም የድሮ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ቱሉ ዲምቱ ራሱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ቀዩ የዛገ ብረት ነው። ስሙን በየቀኑ ታክሲ ላይ ሲጠራ እየሰማሁ፣ መሬቱ ስለ ራሱ የሚናገረውን ሳልሰማ ኖሬያለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መልቀም ጀመርኩ። ባዛልቱ ቀዳዳ ውስጥ ነጭ ካልሲት አለ፤ አቼቶ ጠብ ሲደረግበት አረፋ ያወጣል። ወተት የመሰለ ካልሴዶኒም አለ፤ አቼቶ ምንም አያደርገውም፣ እሱ ግን ጠርሙስ ይጭራል። ሁለቱን ለመለየት ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። አሁን ገና ሳነሳው አውቀዋለሁ። ጥሩው ጊዜ ክረምቱ እንደወጣ ነው፤ ጎርፉ አጥቦ፣ ደርድሮ ይጠብቃችኋል። ዝናብ ሳያባራ ግን ካባ ግድግዳ ሥር አትቁሙ። አንዴ እኔ ከቆምኩበት አምስት እርምጃ ርቆ ተናደ። ፎርማኑን ሳላስፈቅድ አልገባም፤ መነጽር ሳላደርግም መዶሻ አላነሳም። የምለቅመው ለሳጥኔ ነው። ማዕድን ቆፍሮ መሸጥ ፈቃድ ይፈልጋል።

ባልጩትስ? ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። የእሳተ ገሞራ መስታወት ነው፤ ጥቁር፣ ጫፉ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ስለቱ ከምላጭ የማይተናነስ። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ መልካ ቁንጥሬ አጠገብ ስሙን ከዚሁ ድንጋይ የወሰደ ባልጩት የሚባል ቦታ አለ። ከሚሊዮን ዓመት በላይ ሰው ድንጋይ እየፈለጠ መሣሪያ የሠራበት አካባቢ ነው። መሬቱ በባልጩት ስባሪ ያብለጨልጫል። አንዱን አንስቼ ፀሐይ ላይ አየሁት። ጠርዙ በእኩል እኩል ተፈልጧል፤ የሰው እጅ ሥራ ነው። መልሼ ያነሳሁበት ቦታ ላይ፣ በነበረበት ጎኑ አስቀመጥኩት። ቦታው በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ባይመዘገብም ከዚያ መውሰድ ልክ አይደለም። አንድ ድንጋይ ከቦታው ሲነሳ ማን፣ የት፣ ከምን ጋር እንደተወው የሚናገረው ነገር አብሮ ይጠፋል። ለሳጥኔ የምፈልገውን ባልጩት ከመንገድ ቆረጣ ከወጣ አፈር ላይ አገኘሁ፤ ማንም ያልጠረበው ድፍን ጉማጅ።

ባለፈው ፋሲካ ሳጥኔን ለአክስቴ አሳየኋት። እያንዳንዱን እያነሳች «ይሄስ?» ትለኛለች። በመሃል አምባሯን አየሁት። ድንጋዩ በአንድ ጎኑ ከድሮው ይልቅ አረንጓዴ ሆኗል። ድሮ ሰማያዊ እንደነበረ በደንብ አስታውሳለሁ። ተርኩዋዝ በደቃቅ ቀዳዳ የተሞላ ድንጋይ ነው፤ ቅባት ይጠጣል፣ ሲጠጣም ወደ አረንጓዴ ያደላል።

«አክስቴ፣ ፀጉርሽን ቅቤ ስትቀቢ ታወልቂዋለሽ?»

«ኧረ አላወልቅም፤ ለምን?»

ነገርኳት። እጇን አንስታ አምባሩን መስኮቱ ጋ አገላብጣ አየችው። ከዚያ አወለቀችና፣ በነጠላዋ ጫፍ ቀስ አድርጋ ጠርጋ፣ ከካልሴዶኒዬ አጠገብ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠችው። «ቅቤዬን ተቀብቼ እስክታጠብ እዚህ ይቆይልኝ» አለች።