ባክቴሪያውንማ በረኪናም ይገድለዋል

ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ ባክቴሪያ የሚገድል ፔፕታይድ ለመንደፍ ትልቅ ማሽን አያስፈልግም። የማስተርስ ጥናቴን ስጀምር የያዝኩት ወረቀት፣ እርሳስና ፕሮትራክተር ነበር። አብዛኛውን ንድፍ የጨረስኩትም ጣና ዳር ማኪያቶ አዝዤ ነው።

ፔፕታይድ ፕሮቲን የሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች አጭር ሰንሰለት ነው። ሰውነታችን ራሱ ጀርም ለመከላከል ያመርተዋል፤ እንቁራሪትም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1987 ተመራማሪው ማይክል ዛስሎፍ በቀዶ ጥገና የቆሰሉ እንቁራሪቶች ንጹሕ ባልሆነ ውሃ ውስጥ ሆነው ቁስላቸው አለማመርቀዙ ገርሞት ቆዳቸውን መረመረ። ያገኘው ማጋይኒን የተባለ ፔፕታይድ 23 አሚኖ አሲዶች አሉት።

እኔ ከዚያ ያጠረ ፈለግሁ። አምራቾች የሚያስከፍሉት በአሚኖ አሲድ ቁጥር ነዋ! ሰንሰለቱ ሲጠመዘዝ እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ከቀደመው 100 ዲግሪ ያህል ዞሮ ይቀመጣል። ስለዚህ ክብ ሣልኩና ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለውን አሚኖ አሲድ ላይሲንን በአንድ ወገን፣ ውሃ የሚሸሸውን ሉሲንን በሌላው ወገን ደረደርኩ። የባክቴሪያ ሽፋን ውጪው ኔጌቲቭ ነው፤ ላይሲኑ ወደዚያ ይሳባል፣ ሉሲኑ ገብቶ ሽፋኑን ይበጠብጣል።

ያዘዝኩት የፔፕታይዱ ዱቄት ከውጭ መጣ፣ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ላይ ሞከርኩት፣ በትንሽ መጠን ጨረሰው። ላብ ውስጥ ጮቤ ስረግጥ ነባሩ ቴክኒሻን ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ።

«ባክቴሪያውንማ በረኪናም ይገድለዋል። ደሙንስ?»

የበግ ደም አምጥቼ ቀይ ሴሎቹን አጠብኩ፣ ከፔፕታይዱ ጋር አቆየሁና በሴንትሪፉጅ አሽከረከርኩ። ከላይ የቀረው ውሃ ቀልቷል። ሴሎቹ ፈንድተዋል ማለት ነው።

ምክንያቱ ሉሲን መብዛቱ ነው። የእኛ ሴል ውጪው ብዙም ቻርጅ የለውም፣ ኮሌስትሮልም ያጠነክረዋል። በቻርጅ ብቻ የሚሄድ ፔፕታይድ ሳይነካው ያልፋል። ሉሲን የበዛበት ቅባት ወዳዱ ግን ሳቢ አይጠብቅም፤ ያገኘው ሽፋን ውስጥ ይገባል። ከመሃል ያሉትን ጥቂት ሉሲኖች በላይሲን ቀየርኳቸው። የመግደል አቅሙ ትንሽ ወረደ፣ ደም ማፍረሱ ግን በጣም ቀነሰ። ይህን ልውውጥ ሁሌም እቀበላለሁ። አሁን የሌሎችን ጥናት ሳነብም መጀመሪያ የማየው የደሙን ሠንጠረዥ ነው።

ላይሲን ሲበዛ ሌላ ጣጣ አለው፤ ትሪፕሲን የተባለው ኢንዛይም የሚቆርጠው እዚያው ላይ ነው። ፔፕታይዱ በመስታወት እንደሚታይ ምስል ቅርጹ በተገለበጠ አሚኖ አሲድ ቢሠራ ኢንዛይሙን ይቋቋመዋል፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት የማጋይኒን ዘመድ ፔክሲጋናን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካን ፈቃድ አላገኘም፤ ከነባሩ መድኃኒት አልበለጠማ።

የምትጀምሩ ካላችሁ፣ ፖሊፕሮፒሊን ከተባለው ፕላስቲክ የተሠራ የሙከራ ሳህን (ፕሌት) ከፔፕታይዱ ጋር አብራችሁ እዘዙ። ፖሊስታይሪን በተባለው ሌላ ፕላስቲክ ላይ ፔፕታይዱ ስለሚለጠፍ ደካማ ይመስላችኋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ለደረቁ ዱቄት ብዙ አትጨነቁ። በውሃ የሟሟውን ግን በትናንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ አስቀምጡ፤ እየቀለጠ ደጋግሞ ሲቀዘቅዝ ይበላሻል።