ማጫወቻውን ከመቀየር በፊት ፋይሉን መጠየቅ

ለኮምፒውተር የትኛው ቪዲዮ ማጫወቻ ይሻላል ሲባል አንድ ስም ጠርቶ መገላገል ይቻላል። ስሙን እኔም እጠራለሁ፤ ግን ከዚያ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ብዙ ሰው ማጫወቻ የሚቀይረው ፊልሙ ሲቆራረጥበት ወይም አማርኛው ሰብታይትል ሳጥን ሳጥን ሲሆንበት ነው። አንዱን ያጠፋል፣ ሌላውን ይጭናል፣ ሦስተኛውን ይደርባል፤ ችግሩ ግን ንቅንቅ አይልም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የማጫወቻው አይደለማ። ፋይሉና ማሽኑ አልተጣጣሙም። ይህን ለይቶ ማወቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሰው ደህና ላፕቶፑን «አርጅቷል» ብሎ ሲያስቀምጥ ስለሚያሳዝነኝ ነው ዛሬ ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው።

በሐሳቤ ያለው ማሽን በየቤቱ የሚገኘው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ኮር አይ 5፣ አራተኛ ትውልድ፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት። ፊልሙም በፍላሽ ተገልብጦ የመጣ ነው።

ከፋይሉ ስም ጫፍ ላይ ያሉት ኤምኬቪ፣ ኤምፒ4፣ ኤቪአይ የሚሉት መሶቡ ናቸው እንጂ እንጀራው አይደሉም። እንጀራው ኮዴክ የሚባለው ነው፤ ማለትም ምስሉ የታመቀበት ዘዴ። ሁለት ፋይሎች ሁለቱም ኤምኬቪ ሆነው አንዱ እንደ ውሃ ሲፈስ ሌላው የሚንተባተበው በዚህ ምክንያት ነው። ኤች 264 የሚባለው ኮዴክ የወጣው በ2003 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ የዛሬ አሥር ዓመት የተሠራ ላፕቶፕ ሁሉ ያለ ድካም ያጫውተዋል። ኤች 265 በ2013 ተከተለ። ለተመሳሳይ ጥራት ግማሽ ያህል ቦታ ስለሚበቃው ፍላሽ ላይ ብዙ ፊልም ለማጨቅ ይመቻል። ዋጋው ግን ፕሮሰሰሩ ላይ ያርፋል፤ ሲፈታ ብዙ ስሌት ይጠይቃልና። በ2018 የመጣው ኤቪ1 ደግሞ ከሱም ይከብዳል።

ፋይሉ ምን እንደያዘ ለማየት ፊልሙን ቪኤልሲ በሚባለው ነፃ ማጫወቻ ከፍቶ ኮንትሮልና ጄን አንድ ላይ መጫን ነው። በሚወጣው መስኮት ኮዴክ በሚለው ገጽ ላይ የምስሉ ዓይነት፣ ስፋቱና በሰከንድ ስንት ፍሬም (ነጠላ ምስል) እንዳለው ተጽፎ ይገኛል። 10 ቢት የሚል ካለ (የቀለሙ ዝርዝር ከተለመደው 8 ቢት ይበልጣል ማለት ነው) በደንብ ይያዙት፤ የአሮጌ ማሽን ትልቁ ፈተና እሱ ነው። በዚያው መስኮት ስታቲስቲክስ የሚለውን ገጽ ይክፈቱና ፊልሙ እየሄደ አንድ ደቂቃ ይመልከቱ። የታዩ ፍሬሞች ቁጥር ይጨምራል፤ ከሥሩ የጠፉ ፍሬሞች የሚል አለ። የጠፉት ዜሮ ላይ ከቆሙ ማሽኑ እየቻለ ነው። በየሰከንዱ እየጨመሩ ከሄዱ ማሽኑ አልደረሰበትም፤ ዓይን «ተቆራረጠ» የሚለው ያንን ነው።

አሁን ማሽኑን እንጠይቅ። በኢንቴል ፕሮሰሰር ስም ውስጥ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ትውልዱን ይናገራል፤ 4300 ካለ አራተኛ፣ 7200 ካለ ሰባተኛ፣ 10210 ካለ አሥረኛ ነው። በግራፊክሱ፣ ማለትም ምስልን በሚያስተናግደው የማሽኑ ክፍል፣ ኤች 265ን ሙሉ በሙሉ መፍታት የተጀመረው በስድስተኛው ትውልድ ነው፤ እሱም 8 ቢቱን። 10 ቢቱ ከሰባተኛው ወዲህ ነው፤ ኤቪ1 ደግሞ ከአሥራ አንደኛው። ስለዚህ አራተኛ ትውልድ ላይ 10 ቢት ኤች 265 ሲከፈት ሥራው ሁሉ ዋናው ፕሮሰሰር ላይ ይወድቃል። ፋኑ ይጮኻል፣ ሥሩ ይግላል፣ መብራት ጠፍቶ በባትሪ እየታየ ከሆነም ባትሪው ከወትሮው ቀድሞ ያልቃል።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን በአንድነት ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ፤ ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ ግራፊክሱን ይምረጡ። ቪዲዮ ዲኮድ የሚል ትንሽ ሥዕላዊ መስመር አለ። ፊልሙ እየሄደ መስመሩ ከፍ ካለ ግራፊክሱ እየሠራ ነው። ፕሮሰሰሩ 90 ከመቶ ደርሶ ይህ መስመር መሬት ላይ ከተኛ ግን ሸክሙ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። ፋይሉ ኤች 264 ሆኖ እንኳ መስመሩ ከተኛ ሁለት ነገር ይፈትሹ። አንደኛ፣ የግራፊክሱ ድራይቨር (ዊንዶውስ ክፍሉን የሚያዝበት ፕሮግራም) በትክክል ተጭኗል ወይ? ዊንዶውስ እንደ አዲስ ከተጫነ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ቪኤልሲ ውስጥ ኮንትሮልና ፒ ተጭነው፣ ኢንፑት እና ኮዴክስ በሚለው ገጽ የሃርድዌር ዲኮዲንግ (ፊልሙን በግራፊክሱ የመፍታት) ምርጫው ጠፍቶ እንደሆነ ወደ አውቶማቲክ ይመልሱት። አንዳንድ አሮጌ ማሽን ላይ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ይሆናል፤ ምስሉ አረንጓዴ ይሆናል ወይም ይሰባበራል። ያኔ ምርጫውን ማጥፋት ነው መድኃኒቱ። ከሁለቱም ለውጥ በኋላ ፊልሙን ዘግቶ እንደገና መክፈት ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ነው የማጫወቻ ምርጫ ትርጉም የሚኖረው።

ለአብዛኛው ቤት ቪኤልሲ ይበቃል፤ ይህን ሳላመነታ እላለሁ። መነሻው በ1996 በፈረንሳዩ ትምህርት ቤት በኤኮል ሴንትራል ፓሪስ ተማሪዎች የተጀመረ ሥራ ነው፤ ከ2001 ጀምሮ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። ማስታወቂያ የለውም፣ ክፍያ አይጠይቅም፣ ኮዴኮቹን በሆዱ ይዞ ይመጣል። ኢንተርኔት በሌለበት ቤት ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትልቅ ነገር ነው፤ መጫኛውን በፍላሽ ወስዶ መጫን ብቻ ነው። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ማጫወቻ ግን ኤች 265 ሲያገኝ ከማይክሮሶፍት መደብር ተጨማሪ ግዙ ሊል ይችላል። ዋጋው 99 ሳንቲም ዶላር ብቻ ቢሆንም በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ለሌለው ሰው በሩ ዝግ ነው።

ማሽኑ ደከም ያለ ከሆነ ኤምፒቪን እመርጣለሁ። ሲከፈት መስኮቱ ባዶ ነው፤ ፋይሉን ጎትቶ መጣል ነው። መጀመሪያ ግር ይላል፤ ለለመደው ግን ቀላልና ፈጣን ነው። የእንግሊዝኛውን አይ (i) ፊደል ሲጫኑ የጠፉትን ፍሬሞችና ማን እየፈታ እንደሆነ ምስሉ ላይ ይጽፋል፤ ኮንትሮልና ኤች ደግሞ ፊልሙ ሳይቆም የሃርድዌር ዲኮዲንጉን ያበራል፣ ያጠፋል። ለመፈተሽ ከሱ የሚመች አላውቅም። አሮጌውን የዊንዶውስ ማጫወቻ መልክ የሚወድ ሰው ኤምፒሲ-ኤችሲን ይሞክር። ግን ልብ ይበሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች በ2017 ሥራቸውን አቁመዋል፤ የድሮው ገጽ የሚሰጠው የዚያን ዘመን ቅጂ ነው። የሚታደሰው በሌላ እጅ፣ ጊትሃብ በሚባለው የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ ድረ-ገጽ ላይ ያለው ነው። ማክ ያለው ሰው በኤምፒቪ ላይ የተሠራውን አይና ይጫን፤ ኩዊክታይም ኤምኬቪ አይከፍትምና።

ኮዴክ ፓክ የሚባለውን ጥቅል ግን ከነዚህ በአንዱም ላይ መጨመር አያስፈልግም። ሁሉም የራሳቸውን ይዘዋል። ጥቅሉ የሚለውጠው ዊንዶውስ ራሱ የሚጠቀምበትን ነው፤ ሁለት ሦስት ጥቅል ሲደራረብ የትኛው ኮዴክ እንደተጠራ ማወቅ አይቻልም፤ ድምፅ የሚጠፋው፣ ምስል የሚገለበጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ማሽኑ ጨርሶ ካልቻለስ? አራተኛ ትውልድ ላይ 1080 ፒ ኤች 265 ብዙውን ጊዜ ይወጣለታል፤ 4ኬ ግን አይሞከርም። ያኔ ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፋይሉን ወደ ኤች 264 መቀየር ነው። ፋስት 720 ፒ 30 የሚለውን ዝግጁ ምርጫ ይውሰዱ፤ ጥራቱን የሚወስነውን ቁጥር ከ20 እስከ 22 ባለው ያኑሩት። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥራቱም የፋይሉ መጠንም ይጨምራል። አሮጌ ማሽን ላይ ለአንድ ፊልም ሰዓታት ይወስዳል፤ ማታ አስጀምሮ ማደር ነው፣ ቻርጀሩ እንደተሰካ።

አሁን ወደ አማርኛው ሰብታይትል ልምጣ፤ ልቤ ያለው እዚህ ነው። እናትና አባት ፊልሙን ተረድተው አብረው እንዲያዩ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መስመር በመስመር ተርጉሞ፣ መጨረሻ ላይ ስክሪኑ ላይ ሳጥን ብቻ ሲወጣ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ይመስላል። ከንቱ አይደለም፤ የሚታየውን ምልክት ማንበብ ነው የሚያስፈልገው። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፤ ሦስቱ የተለያየ በሽታ ናቸው።

ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ከታዩ ጽሑፉ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው ፎንት ነው። ማጫወቻው የመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። ዊንዶውስ 10 ኤብሪማ የሚባል ፎንት ይዞ ይመጣል፤ አማርኛን ከቋንቋዎች ዝርዝር ሲጨምሩ ኒያላም ይገባል። አቢሲኒካ እና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ደግሞ በነፃ ይገኛሉ። ቪኤልሲ ውስጥ ኮንትሮልና ፒ፣ ከዚያ ሰብታይትልስ የሚለው ገጽ፣ ከዚያ ፎንት፤ ከነዚህ አንዱን መርጠው ያስቀምጡ። ፕሮግራሙን ዘግተው ካልከፈቱት ለውጡ ላይታይ ይችላል። ብዙ ሰው «ሞከርኩት አልሠራም» የሚለው ይህችን ዘልሎ ነው።

በፊደሉ ቦታ ነጥብና ጭረት የተሰካበት የላቲን ፊደል ከተደረደረ ፎንት ቢቀያየር ዋጋ የለውም። ማጫወቻው ጽሑፉን የሚያነብበት ኢንኮዲንግ፣ ማለትም ፊደሎች ፋይል ውስጥ በቁጥር የሚጻፉበት ዘዴ፣ ተሳስቷል ማለት ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ኢንኮዲንግ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ማጫወቻው እነዚያን ሦስቱን እንደ ሦስት የተለያዩ የምዕራብ አውሮፓ ምልክቶች ሲያነብ ለአንድ «ሰ» ሦስት ኮተት ይወጣል። እዚያው ሰብታይትልስ ገጽ ላይ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ 8 ማድረግ ይፈታዋል። ይህ ካልፈታው ጽሑፉ ከዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች የጋራ ቁጥር ከሰጠው ሥርዓት) በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ሊሆን ይችላል። እነሱ የላቲን ፊደሎችን ቦታ ይዘው ነበር የሚሠሩት፤ ስለዚህ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ማምጣት ግድ ነው።

ሦስተኛው የጥያቄ ምልክት ነው። መስመሩ ሁሉ ጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ ፋይሉን ማዳን አይቻልም። ከ2019 በፊት የነበረው ኖትፓድ ሲያስቀምጥ ቀድሞ የሚያቀርበው አንሲ የሚባለውን ኢንኮዲንግ ነበር። ለግዕዝ ፊደል ቦታ ስለሌለው እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ተክቶ ይጥለዋል፤ ዋናው ፊደል ፋይሉ ውስጥ የለም። ስለዚህ የሚተረጉም ሰው ገና የመጀመሪያዋን መስመር ሲያስቀምጥ፣ ሴቭ አዝ ብሎ ከታች ዩቲኤፍ 8ን ይምረጥ፤ ዘግቶም ከፍቶ ይይ። አንድ ሺህ መስመር ከተተረጎመ በኋላ ሳይሆን ያኔ።

የሰብታይትሉ ፋይል ስም ከፊልሙ ስም ጋር አንድ ሆኖ በአንድ ፎልደር ከተቀመጠ ማጫወቻው ራሱ ያነሳዋል። ጽሑፉ ከንግግሩ ከቀደመ ቪኤልሲ ላይ የኤች ፊደል፣ ከዘገየ የጂ ፊደል፤ እያንዳንዱ ጭነት 50 ሚሊሰከንድ ነው። ግን መጀመሪያ ላይ ገጥሞ እየቆየ የሚሸሽ ከሆነ በነዚህ አይስተካከልም። ሰብታይትሉ በሰከንድ 25 ፍሬም ላለው ቅጂ ተዘጋጅቶ ፊልሙ 23.976 ከሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይራራቃሉ። ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ፕሮግራም የፍሬም ቁጥሩን አንድ ጊዜ መቀየር ሁሉንም መስመር ያስተካክላል።

ፋይሉ ጨርሶ አልከፈት ሲል ደግሞ ፍላሹን ይጠርጥሩ። ኤምፒ4 የውስጥ ማውጫውን ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ኮፒው 95 ከመቶ ላይ ፍላሹ ከተነቀለ ማውጫው አልደረሰም፣ አንድም ማጫወቻ አይከፍተውም። ኤምኬቪ ግን እስከተቆረጠበት ድረስ ይሄዳል። የሁለቱን ፋይሎች መጠን በባይት ማነጻጸር ወዲያው ይነግራል። ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል ፋት 32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ላይ አይገባም፤ ፍላሹን ኤክስፋት አድርጎ ፎርማት ማድረግ ይፈታዋል፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ቀድሞ መገልበጥ ነው። አንዳንድ አሮጌ ሪሲቨርና ዲቪዲ ማጫወቻ ግን ኤክስፋትን አያነብም፤ ፍላሹ ለቴሌቪዥንም የሚውል ከሆነ ፋት 32 ሆኖ ይቆይና ፊልሙ ከ4 ጊጋ በታች ይሁን።

ማጫወቻው ራሱ በፍላሽ ከሰው የተገኘ ከሆነ ከመጫኑ በፊት በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ዲጂታል ሲግኔቸርስ የሚለውን ገጽ ይመልከቱ። እውነተኛው የዊንዶውስ ቪኤልሲ መጫኛ ላይ ቪዲዮላን የሚል ፊርማ አለ። ገጹ ጭራሽ ከሌለ ወይም ሌላ ስም ካለ አይጫን። ማዘመንም አይዘንጋ፤ በ2017 ቪኤልሲን ጨምሮ በአራት ማጫወቻዎች ላይ ተንኮል የተቀበረበት የሰብታይትል ፋይል በመክፈት ብቻ ኮምፒውተሩን መያዝ የሚያስችል ቀዳዳ ተገኝቶ ተደፍኗል፤ ከዚያ በፊት የወጣ ቅጂ በየፍላሹ ካለ ይጥፋ።