ባለቤቴን ከባንኮክ በሕይወት የመለሰልኝ አምላክ ይመስገን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ባለፈው ሐምሌ እግዚአብሔር በሰው አገር ያደረገልንን ልመሰክር ነው። «ባለቤቴን አትርፍልኝ እንጂ ሥራህን በሰው ፊት እናገራለሁ» ብዬ ተስዬ ነበርና ስለቴን ላደርስ ነው።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ከተጋባን ጀምሮ እኔ ከሥራ ስገባ እሱ ሲወጣ፣ በደንብ ሳንተያይ ነው የኖርነው። ዘንድሮ ግን «አብረን እንክረም» ተባባልንና ልብሳችንን በጀርባ ቦርሳ ሸክፈን ታይላንድ ገባን። ያረፍነው ባንኮክ ውስጥ፣ ከካዎ ሳን መንገድ ጀርባ ባለች ርካሽ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ከየአገሩ ቦርሳውን አዝሎ የሚመጣ ወጣት የሚከትምበት ሰፈር ነው። ክፍላችን አንድ አልጋና የጣሪያ ማራገቢያ ብቻ ነበራት፤ እኛ ግን እንደ ቤተ መንግሥት ነው ያየናት።

ከተማዋን በጣም ወደድናት። ቀን በቻዎ ፕራያ ወንዝ ላይ በሕዝብ ጀልባ እንመላለሳለን፣ ማታ ያዎራት በሚባለው የቻይናዎች ሰፈር በሰው መሐል እየተጋፋን እንዞራለን። ሐምሌ እዚያም ክረምት ነው። ከሰዓት በኋላ ዶፉ ይወርዳል፣ ወዲያው ፀሐይ ይወጣል፣ ውኃው በየአበባ ማስቀመጫውና በየአሮጌ ጎማው ተቋጥሮ ይቀራል። ደንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በዚያ ውኃ ነው። የወባዋ በሌሊት ስትናደፍ ይህቺኛዋ በቀን ነው የምትናደፈው።

በሰሜን ታይላንድ ወዳለችው ወደ ቺያንግ ማይ ከተማ የሚሄደውን የሌሊት ባቡር ትኬት ከቆረጥን በኋላ ባለቤቴ እንደ እሳት ይቃጠል ጀመር። «አጥንቴ ተሰባበረ» ይላል። ዐይኑን ማዞር እንኳ አቃተው። ምግብ ሲሸተው ያስመልሰዋል። ጉንፋን መሰለን። በሁለተኛው ቀን «ሽሮ ባገኝ እቀምስ ነበር» ሲለኝ ያን ሽሮ ሳላመጣ አልመለስም ብዬ ወጣሁ።

ለሕክምና ባንኮክ የሚመጣ ሐበሻ ብዙ ስለሆነ ናና በሚባለው አካባቢ የእኛ አገር ምግብ ቤት እንዳለ ሰምቼ ነበር። ከተማውን በሚሰነጥቀው በሰን ሰፕ ቦይ ጀልባ ተሳፈርኩ። ጀልባው ይበራል፤ የቆሸሸው ውኃ እንዳይረጨው ዳር የተቀመጠው ሰው የላስቲኩን መጋረጃ በገመድ ይጎትታል፤ ትኬት ቆራጯ ሄልሜት አድርጋ በጀልባው ጠርዝ ላይ ትራመዳለች። እኔ ገመዱን ይዤ አለቅሳለሁ። «ጌታዬ፣ እዚህ አገር የማውቀው ሰው የለም። ምን እንደማደርግ አንተ በሰው አፍ ንገረኝ» አልኩ። ቃሉ ይኸው ነው፤ «በሰው አፍ» ነው ያልኩት።

ምግብ ቤቱ ስገባ አንዲት እናት ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሻይ ይጠጣሉ። ወንድማቸውን ለማሳከም ከድሬዳዋ የመጡ ናቸው። ሽሮውን እንዲጠቀልሉልኝ ሳዝ ሰሙኝና፣

«ለማን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ለባለቤቴ ነው እማማ፤ ትኩሳት ይዞት ተኝቷል።»

«ከዐይኑ ኋላ ያመዋል?»

ክው አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ሲለኝ ያደረው እሱን ነበር።

«አቦ ይሄማ ደንጊ ነው! እኛን ድሬ ላይ አንድ በአንድ አስተኝቶን የለ!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 በሽታው ድሬዳዋ ገብቶ ብዙ ሰው አሞ ነበር። ያኔ ቤታቸው ውስጥ ያልተኛ አልነበረም። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን የፋርማሲ ፌስታል ከፈቱት። በመንገድ ላይ የገዛሁት አይቡፕሮፌን የሚባል የሕመም ማስታገሻ ነበር። መልሰው ሳይሰጡኝ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ይሄ ደም ያስፈስሰዋል፤ አስፕሪንም እንዳትሰጪው። ፓራሲታሞል ብቻ። ዛሬውኑ ደሙ ይታይ። ደግሞ ስሚኝ፤ ትኩሳቱ ሲለቀው ዳነ ብለሽ እንዳትዘናጊ። የሚያስፈራው ያኔ ነው።»

በዚያኑ ዕለት በታክሲ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ምርመራው ደንጊ አለ። ነገ ተመልሳችሁ ኑ፣ ደሙን እንደገና እናያለን ተባልን።

በማግስቱ ጠዋት ትኩሳቱ የለም። ባለቤቴ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ፈገግ አለ። «ተሻለኝ፤ ሐኪም ቤቱ ይቅርና ማታ ባቡራችንን እንሳፈር» አለኝ። የሴትየዋ ቃል ጆሮዬ ላይ ባይኖር ኖሮ እልል ብዬ ሻንጣ አዘጋጅ ነበር። «በፍጹም፤ መጀመሪያ ሐኪም ቤት» አልኩት። ስንደርስ ሆዱን ይቆርጠው ጀመር፤ ከድዱ ደም መጣ። ሰው በጤናው ቢያንስ 150 ሺህ የሚኖረው ፕላትሌት፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ማለት ነው፣ የእሱ 18 ሺህ ወርዶ ተገኘ። በደሙ ውስጥ ያለው ውኃም ከደም ሥሩ ወደ ሆዱ መፍሰስ ጀምሮ ነበር። ወዲያው አስተኙት። ባቡሩ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚጓዘው። በዚያ ሰዓት ባቡር ላይ ብንሆን ኖሮ፣ ሳስበው አሁንም ሰውነቴን ይወረኛል።

ለደንጊ ፈውስ የሚሆን መድኃኒት የለውም። ጉሉኮሱን እየመጠኑ ይሰጡታል፣ በየጥቂት ሰዓቱ ደም ይቀዳሉ፣ ይጠብቃሉ። ነርሶቹ ያደረጉለትን እኅቱም ብትሆን አታደርግለትም፤ እግዚአብሔር ይባርካቸው። እኩለ ሌሊት ላይ ለንስሐ አባታችን ደወልኩ። ሜሪላንድ ቀትር አልፎ ነበር። ስልኩን ባለቤቴ ራስጌ አደረግሁት፤ አባታችን ዳዊት ደገሙለት። «በቀን ከሚበርር ፍላጻ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ጉልበቴ ከዳኝ። ወለሉ ላይ ወድቄ እመቤቴን «ኪዳነ ምሕረት ሆይ፣ በገባልሽ ቃል ኪዳን አማልጂኝ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ያልኩትን አላስታውስም። ወለሉ ላይ እንዳለሁ ነጋ።

ጠዋት ሐኪሟ ወረቀቱን ይዛ ገባች። ፕላትሌቱ መውረዱን አቁሞ 24 ሺህ ደርሷል፤ የሚፈሰውም ውኃ ቆሟል። ስልኬን ከፍቼ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ብመለከት ሐምሌ 16 ነው፤ የኪዳነ ምሕረት ዕለት። ባለቤቴን ቀሰቀስኩትና ተያይዘን አለቀስን።

የድሬዋ እናትም ከወንድማቸው አልጋ ተነሥተው፣ ከአገር ቤት ያመጡትን በሶ በጥብጠው ይዘው መጡ። የራሳቸው ሕመምተኛ እያለባቸው! በባንኮክና በዙሪያዋ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል በሽታውን በቤታቸው ያዩ፣ በአማርኛ «ልጄ» ብለው የሚናገሩኝን እናት በዚያች ሰዓት እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጠው ማን ነው? አጋጣሚ ነው የሚለኝ ካለ አልከራከረውም። እኔ ግን ጀልባው ላይ ምን ብዬ እንደለመንኩ አውቃለሁ።

ባለቤቴ ዛሬ ደኅና ነው፤ ሥራውም ላይ ነው። የተሳልኩትን ጃንጥላ ለኪዳነ ምሕረት አስገብቻለሁ፤ የቀረው ይህ ምስክርነት ነበር። የእኚያ እናት ወንድም ግን ገና ሕክምና ላይ ናቸው። የክርስትና ስማቸውን ለካህናቱ ሰጥተናል፤ እናንተም «በባንኮክ የታመመውን ባሪያህን ማረው» እያላችሁ በጸሎት አስቡልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።